የሙኒር ሞተር በኔ ወጅህ

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ቋንቋው ስለናፈቀኝ አይደለም። እዚህ ኤደን ከተማ አጠገቤ ካሉት ሰዎች አንድም የሚያነበው ስለሌለ ነው። ደሴ ተወልጄ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። አባቴ የመናዊ ባለሱቅ፣ እናቴ የወሎ ሰው ነበሩ። ሱቁ ሲወረስ አባቴ እኛን ይዞ ወዳገሩ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ያገባሁት፣ የወለድኩት፣ ባሌን የቀበርኩትና ያረጀሁት በዐረብኛ ነው። ዛሬ የምነግራችሁን ነገር ግን በዐረብኛ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ሐበሻ የሆነ ሰው እዚህ ሙወለድ ይባላል። ስድብ አይደለም ይሉናል። ስድብ ካልሆነ፣ ሲሉት ለምን ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ የነገረኝ የለም።

ኮርማክሳር በሚባለው ሰፈር በአንድ የግል ክሊኒክ በር ላይ የሴት ፈታሽ ነኝ። ከበሩ ጎን በኮምፔንሳቶ የታጠረች ክፍል፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ወንበርና ላይት ሲኖር የምትዞር ማራገቢያ አለችኝ። የሴቶቹን ቦርሳና ዐባያ እኔ እፈትሻለሁ፤ ወንዶቹን ዓሊ ናስር ይፈትሻል። ዓሊ ናስር ጠመንጃ ስላለው ዘበኛ ይባላል። በእናንተ ሰዓት ከአምስት እስከ ስድስት ግን ጫት ሊገዛ ስለሚሄድ በዚያን ጊዜ ዘበኛዋ እኔ ነኝ። ለዚህ አንድ ቀን እንኳ እጅሽ ይባረክ ያለኝ ሰው የለም።

ሙኒር የክሊኒኩ መልእክተኛ ነው፤ አርባ የተጠጋ፣ ዝምተኛ ሰው። የደም ናሙና በበረዶ ሣጥን ይዞ በሞተሩ ብሬቃና ኢንማ ከተማ ወደሚባሉት ሰፈሮች ይመላለሳል። በዚያ ሰሞን ከየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሞተር ይሰረቅ ስለነበር ሙኒር ሲያቆም የራሱ ሥርዓት ነበረው። መሪውን ጠምዝዞ ይቆልፋል። የቤንዚኑን መክፈቻ ይዘጋል። የካንዴላውን ቆብ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። በመጨረሻ ጎማውን በሰንሰለት ከጄኔሬተሩ ብረት ጋር ያስርና፣ የባሕሩ ጨው እንዳያዝገው ቁልፉን በላስቲክ ይሸፍነዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። ለብረት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለልጄ አለመጠንቀቁ በየጠዋቱ ያንገበግበኝ ነበር።

ልጄ ፈትሒያ ለሙኒር ታጭታ ነበር። ከዚያ ሰሞን ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የጋብቻው ቃል የሚታሰርበት ፋቲሓ ሊቀራ ሁለት ሳምንት ሲቀር እናቱ ሐጃ ሰዒዳ ብቻዋን ቤቴ መጣች። የማንጎ ጭማቂ አቀረብኩላት። ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣

«ስለ ዘራችሁ ጠየቅን፤ የሚያውቅ አጣን። በጀልባ ለመጣ ዘር ሥሩ በምን ይታወቃል?» አለችኝ።

ጭማቂውን ግን ጨርሳው ነበር። ሙኒር አንድ ቃል እንኳ አልላከም። ፈትሒያ ሌላ ሰው አግብታ ጅዳ ሄደች፤ አሁን ዒድ ሲሆን ትደውላለች። እሷ ረስታዋለች። ቂሙን በእሷ ፈንታ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ያዥልኝ ግን አላለችኝም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙኒር እዚሁ ክሊኒክ ተቀጥሮ መጣና ምንም እንዳልነበረ «ኻላ» ይለኝ ጀመር። አክስቴ እንደማለት ነው። እኔም «አቤት ልጄ» እለዋለሁ። በመካከላችን ያለው ነገር ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር።

አንድ ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሙኒር ሞተሩን እያስጮኸ ግቢ ገባ። እናቱን ከኋላው ጭኖ በሽርጥ ከወገቡ ጋር አስሯታል። አስሟ ተነሥቶባት አፏን ከፍታ አየር ትለምናለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ዓሊ ናስር ሮጦ ሽርጡን ፈታና ለሁለት ተሸከሟት። ሙኒር ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞር አለ። ሞተሩ ቁልፉ እንደተሰካ ቆሟል። ሰንሰለቱ ቤት ቀርቷል። ካንዴላ ለመንቀል ደግሞ እጁ ሙሉ ነው። ከዚያ ወደ መስኮቴ ተመለከተ።

«ኻላ ዘይነብ! ሞተሩ በወጅህሽ!»

ወጅህ ፊት ማለት ነው። የእናንተ አደራ ይቀርበዋል፤ ይሄኛው ግን ይከብዳል። አንድ ሰው «በወጅሄ ነው» ካለ ዕቃውን በፊቱ፣ በክብሩ፣ በስሙ ተቀብሏል ማለት ነው። ያንን ዕቃ የነካ ሰው ባለዕቃውን አይደለም የደፈረው፤ ወጅህ የሰጠውን ሰው ነው። ይህ የተራራው አገር ሰዎች ሕግ ነው። በኤደን ድሮ ሰው ይስቅበት ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ ግን ፖሊሱ ሲላላ እሱ ጠበቀ።

ዓሊ ናስር የሐጃን እግር እንደያዘ ሳቀ። «ሙኒር፣ አብደሃል እንዴ? ሴት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወጅህ የምትሰጠው!»

ሐጃ ሰዒዳ ትንፋሽ አጥሯት እንኳ ለኔ የሚሆን ትንፋሽ አላጣችም።

«ለእሷ?» አለች። «ወጅህ … ከየት … አምጥታ?»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ወንዶቹ እንደሚያደርጉት ጉንጬን በመዳፌ ዳስሼ፣ «በወጅሄ ነው!» አልኩ። ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል።

አስገቧት። ዓሊ ናስር ተመልሶ ወጣና ሰዓቱን አየ። «ኻላ፣ ጫቱ ሳያልቅ ልድረስ። ሞተርሽን ጠብቂ እሺ፣ ሸይኻ!» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ሞተሩ አጠገቤ ቆሞ ብረቱ እየቀዘቀዘ ቀጭ ቀጭ ይላል። እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ በዚያን ጊዜ ልጠብቀው ቆርጬ ነበር። ግን «ከየት አምጥታ?» የሚለው በጆሮዬ አላልቅ አለኝ። የጭማቂው ብርጭቆ ታየኝ። ልጄ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ስትሰማ የነበረው ታየኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ሰው በእግረኛው መግቢያ ገባ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ የታጠበ፣ መልከ መልካም ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኻላ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ምን ፈለግህ?»

«ሙኒር ልኮኝ ነው። በሞተሩ ሄደህ መድኃኒት ይዘህልኝ ና ብሎኝ።»

«የማን መድኃኒት?»

«የአባቱ ነዋ! አባቱን ነው አይደል ተሸክመው ያስገቡት?»

የሙኒር አባት ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሰውየው የሙኒርን ስም ከበሩ ውጭ ሆኖ ዓሊ ናስር ሲጮህ ሰምቶ ነው፤ ታማሚውን ግን በሰዎቹ መካከል በደንብ አላየም። ሌባ መሆኑን ከዚያች ቃል አወቅሁ። ማወቄ ጥርጣሬ አልነበረበትም፤ ይህን የምለው «ተታለለች» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

አንድ ጩኸት ይበቃ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጎማ ጠጋኞች አሉ፤ «ሌባ!» ብል ጎማ መፍቻቸውን ይዘው ይደርሱ ነበር። ሰውየው ቆሞ ጠበቀኝ። እኔም ራሴን እንደ ሌላ ሰው ቆሜ ጠበቅሁት፤ ምን እንደምል ልሰማ።

«ፍጠን እንግዲህ» አልኩት።

አልኩትና ተነሥቼ የብረት በሩን መቀርቀሪያ አነሣሁለት።

እሱም ደንገጥ ብሎ አየኝ። ሞተሩን አንዴ ረገጠው፤ ተነሣለት። ወጣ። በሩን ዘጋሁና ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መስበሓዬን መቁጠር ጀመርኩ። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንደበቴ ግን ምንም አይልም ነበር። ደስ አለኝ? አዎ፣ ለጥቂት ደቂቃ ደስ ብሎኛል። ሰንሰለትና ካንዴላ ሲፈታ ሲያስር የኖረው ሰው በአንድ ቀን ቸልተኝነት ምን እንደሚያጣ ይየው አልኩ።

ከዚያ ሙኒር እየሮጠ ወጣ። በእጁ የሐኪም ወረቀት ይዟል።

«መርፌው እዚህ የለም፤ ሸይኽ ዑስማን ሰፈር ካለው ትልቁ ፋርማሲ …» አለና ቆመ። ባዶውን ቦታ አየ። እኔን አየኝ። «ኻላ፣ ሞተሩስ?»

መርፌ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወላሂ አላሰብኩም።

«ሴቲቱን … አንዲት ሴት እየፈተሽኩ ነበር፤ ከመጋረጃው ስወጣ …» አልኩት።

ያን ቀን ሰፈሩ በላይት መጥፋት ተናዶ በባሕሩ ዳር ያለውን መንገድ ጎማ አቃጥሎ ዘግቶታል። መኪና አያልፍም፤ በጭሱ መካከል ሹልክ ብሎ የሚያልፍ ሞተር ብቻ ነው። ሙኒር ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። «አንቺ ደህና ነሽ? አልነኩሽም?» ነው ያለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ጫማውን አውልቆ፣ የለበሰውን ሽርጥ ሰብስቦ፣ በእግሩ ሮጠ። ሄዶ መመለሱ ከአሥር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ፀሐዩ ደግሞ ያ የባሕሩ ፀሐይ ነው።

ዓሊ ናስር ጫቱን በጉያው ይዞ ተመለሰ። ወሬውን ሳይሰማ ነርሷ ብቅ አለች።

«ኻላ ዘይነብ፣ ነይ እባክሽ። አሮጊቷ ብቻዋን ናት፤ ላይትም ሄደ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅም አልቋል። ሴት ሰው ያስፈልገኛል።»

ገባሁ። ሐጃ ሰዒዳ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ጠርዙን ጨብጣለች። ደረቷ ይገባል፣ ይወጣል፤ ድምፁ ያልተቀባ በር ይመስላል። ነርሷ የመድኃኒት ካርቶን ቀደደችና አንዱን ገጽ ሰጠችኝ።

«ማራገብ አታቋርጪ። ልጇ መርፌውን እስኪያመጣ በዚህ መቆየት አለባት። ካልቆየች …» ብላ ተወችው።

አራገብኩ። ለአንድ ሰዓት ተኩል አራገብኩ። የዚህችን ሴት ትንፋሽ ነጥቄ በካርቶን እመልስላት ነበር። መጀመሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ የማዞር አቅም አነሳትና ወደኔ ተመለሰች። ቀጥሎ እጄን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«ሙኒር … የት ሄደ?»

«መርፌ ሊያመጣ ሄዷል። ይመጣል።»

«በሞተሩ … ነው?»

ካርቶኑ በእጄ ቆመ።

«አዎ» አልኳት። «በሞተሩ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ … ቅርብ ነው።»

«ቅርብ ነው ሐጃ። ደረሰ።»

ይህን ውሸት ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላውቅም። በጠየቀችኝ ቁጥር ከንፈሯን አያለሁ፤ በየጊዜው ይጠቁራል። «ያ ረብ፣ ይህችን ሴት በኔ እጅ አትግደላት» እያልኩ ለመንኩ። ልመናውን የጀመርኩት ለእሷ አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ አለየሁትም።

ሙኒር ደረሰ። ሲሄድ በእግሩ ነበር፤ ሲመለስ ጭሱ አጠገብ ያገኘው የማያውቀው ሰው በሞተሩ አምጥቶታል። የእግሩ ቆዳ ተልጧል፤ መርፌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟል። ነርሷ ወጋቻት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያ ያልተቀባ በር ዝም አለ። ሐጃ ሰዒዳ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እጄን ግን አልለቀቀችም። ሙኒር እጄንና እጇን አይቶ ማልቀስ ጀመረ።

«አላህ ይስጥሽ ኻላ» አለኝ። «ያደረግሽልኝን አልረሳም።»

ያን ዕለት እውነቱን ብናገር ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልተናገርኩም። ቀጥሎ የመጣውም ከዚያ የባሰ ነው።

ሙኒር የሄደው ፖሊስ ጋ አይደለም። የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ዓቂል የሚባለው፣ ዘንድ ሄዶ «የኻላ ዘይነብ ወጅህ ተደፍሯል። በወጅህዋ የነበረ ሞተር ተወስዷል» አለ። ሞተሬ ጠፋ አላለም። ወሬው በአንድ ቀን ኮርማክሳርን ሞላ። ጎማ ጠጋኞቹ፣ ዓሣ ሻጮቹ፣ ጫት ሻጮቹ፣ ሠላሳ ዓመት ስወጣ ስገባ አንገታቸውን ቀና ያላደረጉልኝ ሰዎች «በሴትየዋ ወጅህ ላይ?» እያሉ ተቆጡ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩን ኢንማ ከተማ አጠገብ አንድ ጋራዥ ቀለም ሲቀየርለት አገኙት። ሌባውንም አገኙት፤ ስሙ ወዳሕ ነው።

ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት እንዳለቀ ክሊኒኩ በር ላይ ተሰበሰቡ። የወዳሕ አባት፣ ሽበታም ሰው፣ በግ እየጎተተ መጣ። ወጅህ የደፈረ ሰው በተደፈረው ደጃፍ አርዶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ደንቡ ነው። ወንበሬን አውጥተው መሐል ላይ አስቀመጡኝ። ዓሊ ናስር ራሱ ነው ወንበሩን የተሸከመው።

ዓቂሉ «ወዳሕ፣ ለኻላ ዘይነብ ተናገር» አለው።

ወዳሕ ቀና ብሎ አየኝ። «ሰርቄአለሁ» አለ። «ይህን አልክድም። ግን ወጅህ አልደፈርኩም። እሷ አይታኛለች። ፍጠን ብላ በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት።»

ከዚያ አባቱ በጥፊ መታው፤ ድምፁ ግድግዳው ላይ አስተጋባ።

«ስርቆቱ አልበቃህም? የእናትህን እኩያ ስም ታጠፋለህ?»

«ወላሂል ዐዚም፣ አባቴ …»

«በሐሰት አትማል!» ብሎ ደገመው። የወዳሕ ከንፈር ደማ። ሙኒርም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆጣ አየሁት። «እናቴን አንድ ሰዓት ተኩል ያራገበች ሴት ናት፣ አንተ ውሻ!»

ዓቂሉ እጁን አንሥቶ ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። «ኻላ፣ ቃሉ ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

ወንበሬ ላይ ሆኜ ሁሉንም አየኋቸው። በሕይወቴ ሙሉ የፈለግሁት ያ ነበር፤ ቃሉ ያንቺ ነው እንዲሉኝ። «እውነቱን ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃኛል። ወዳሕ ዓይኑን አልነቀለም። ይለምነኝም አልነበረም፤ ይጠብቀኝ ነበር፣ ያን ቀን በሩ ላይ እንደጠበቀኝ።

«አላህ ይቅር ይበለው» አልኩ። «እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ሰዉ «አላሁ አክበር» አለ። በጉ ታረደ። ዓሊ ናስር ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብሎ «ወላሂ ኻላ፣ ያንቺ ወጅህ ከኔ ጠመንጃ ይበልጣል» አለኝ። ሐጃ ሰዒዳ በከዘራ ተደግፋ መጥታ ግንባሬን ሳመች። «አንቺ የትልቅ ሰው ልጅ ነሽ። ያን ጊዜ ያልኩሽን ማሪኝ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነበር። ሰማሁት፤ አልጣመኝም። ከሥጋው ለኔ የተመደበውን ለጽዳት ሠራተኞቹ ሰጠሁ፤ ሰዎቹ ይህንንም ለደግነቴ ቆጠሩት።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ሌባ ይቅር ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። የወዳሕ ስርቆት ታረቀ። ያልታረቀው ሐሰት የተባለው እውነቱ ነው። የአሮጊት ስም አጥፊ ተብሎ ሰፈር ውስጥ ሥራ የሚሰጠው አጣ። እኔ ደግሞ ከበርኩ። አሁን የክሊኒኩ ሠራተኞች ሞተራቸውን ያለ ሰንሰለት በመስኮቴ ሥር ያቆሙና ቁልፉን ጭኔ ላይ ጥለው ይገባሉ። የሙኒር ሰንሰለት ጄኔሬተሩ ጀርባ ዝጓል። ክሊኒኩ የሚያምነው እኔን ነው፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይነድዳል። በሐጃ ሰዒዳ ላይ ያለኝ ቂም ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ቂሜን ሳነሣው ከሥሩ የገዛ እጄ ይታየኛል፤ መቀርቀሪያ ሲያነሣ።

ባለፈው ወር ወዳሕ መጣ። ወሯ የገባ ሚስቱን በተዋሰው ሞተር ጭኗል፤ ምጥ ይዟታል። ዓሊ ናስር አወቀው።

«ሴትየዋ ትግባ። አንተና ሞተርህ ውጭ!»

«ሞተሩ የሰው ነው። ውጭ ትቼው ከጠፋ ማን ያምነኛል?» አለ ወዳሕ። ሚስቱ መጋረጃዬን ጨብጣ ታቃስታለች። ዞር ብሎ አየኝ። «ኻላ … በወጅህሽ ላስቀምጠው?»

ዓሊ ናስር ሳቀ። እኔ ተነሣሁ። ጉንጬን አልዳሰስኩም፤ ድፍረቱ አልነበረኝም። «በወጅሄ ነው። ግባ ከሚስትህ ጋር» አልኩት።

ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም። ሞተሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ በቁሜ ጠበቅሁ፤ የሚፈተሹትንም ሴቶች ሌላ ሴት ጠርቼ አስፈተሽኩ። የቀትሩ አዛን ተባለ፣ ሰዎቹ ሰገዱ፣ ወጡ፤ እኔ ቆምኩ። ዓሊ ናስር ከጥላው ሆኖ ጫቱን እየቃመ «ኻላ አረጀች» ይላል። ወዳሕ ሲወጣ ፊቱ በርቷል፤ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። ቁልፉን ሰጠሁት።

ሞተሩን ዞሮ አየው፤ ከዚያ እኔን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይሄኛውንስ አየሽው?» አለኝ።

«ያኛውንም ሲወሰድ አይቼው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ያን ቀን በሰዉ ፊት የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።»

ረገጠው፤ ተነሣለት። በሩን ከፈትኩለት፣ ወጣ። ዓሊ ናስር ከኔ አምስት እርምጃ ርቆ ነው የተቀመጠው፤ ዞር ብዬ ያንኑ ቃል ጮክ አድርጌ ብደግመው ይሰማኝ ነበር። አልደገምኩትም። እውነቱን የነገርኩት አስቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ። እናንተን የመረጥኳችሁም በሩ ላይ ስለማታገኙኝ ነው።